ከፍቶር የት ነበረች?

በሉክሶር፣ ከዓባይ ወንዝ ምዕራብ ዳር፣ ሼኽ አብድ ኤል-ቁርና ከሚባለው ኮረብታ ላይ ረክሚሬ የተባለ የግብፅ ሹም መቃብር አለ። ረክሚሬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የፈርዖን ቱትሞስ 3ኛ ጠቅላይ ሹም ነበር። ከሩቅ አገር የሚመጣውን ገጸ በረከት መቀበል ከሥራዎቹ አንዱ ስለነበር፣ ያንን የክብር ቀን በመቃብሩ ግድግዳ ላይ አስሥሎታል። መልእክተኞቹ በየአገራቸው ረድፍ ይዘው ይታያሉ። ከላይ የፑንት ሰዎች ዕጣናቸውንና የአውሬ ቆዳቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፑንት ሊቃውንት ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ማለትም ከእኛው አካባቢ ጋር የሚያያይዟት አገር ናት። ከእነርሱ ሥር ባለው ረድፍ ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ተሰልፈዋል። ወገባቸው ቀጭን፣ ጸጉራቸው ጥቁርና ረጅም ሆኖ በትከሻቸው ላይ የሚጠቀለል፣ ሽርጣቸው በዝንጉርጉር ጥለት የተዋበ ነው። አንዳንዱ እጀታው የሚያምር ማድጋ፣ ሌላው በእንስሳ ራስ አምሳል የተሠራ ዋንጫ ተሸክሟል። ከበላያቸው ያለው ጽሑፍ የመጡበትን ይናገራል፦ የከፍቲዩ አለቆች፣ በባሕር መካከል ካሉት ደሴቶች ሰዎች ጋር።

ከፍቲዩ የት ናት? ይህ ጥያቄ የአንድ መቶ ዓመት ያህል ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩን የቋጨችው በአንድ ደሴት ጠረፍ ላይ የምትገኝ፣ ከሊቃውንት በቀር ብዙ ሰው ስሟን የማያውቀው ትንሽ ወደብ ናት። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝም ይኸው ነው። ታላቂቱ ደሴት በገዛ ስሟ ልትታወቅ አልቻለችም፤ ያሳወቋት የመንደሮቿ ስሞች ናቸው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ የተሳሳተ ነበር፤ ስሕተቱ ግን በቂ ምክንያት ነበረው። በ1866 ጀርመናዊው ሪቻርድ ሌፕሲዩስ ታኒስ በተባለችው የግብፅ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ አገኘ። ካህናቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ያወጡት፣ የካኖፐስ አዋጅ በመባል የሚታወቀው ጽሑፍ ነው። አዋጁ በጥንታዊው የግብፅ ጽሑፍና በግሪክኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ስለሆነ ለቋንቋ ሊቃውንት ትልቅ ሀብት ነበር። ግሪክኛው ፊንቄ በሚልበት ቦታ ላይ የግብፁ ጽሑፍ ከከፍቲዩ ጋር የሚመሳሰለውን ስም ይዞ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? ከፍቲዩ የጢሮስና የሲዶና አገር ናት ተባለ፤ መጻሕፍቱም እንዲሁ ጻፉ። ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር ረክሚሬ ከሞተና አዋጁ ከተጻፈበት ጊዜ መካከል ከ1,100 ዓመት በላይ ማለፉን ነው። ካህናቱ የጥንቱን ስም ከአሮጌ ዝርዝር አንሥተው፣ በዘመናቸው የሚያውቋትን የባሕር ዳር አገር ሊጠሩበት ይችላሉ።

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ደግሞ በሌላ በር ወደዚሁ ጥያቄ ይደርሳል። ነቢዩ አሞጽ በዘጠነኛው ምዕራፍ፣ የኢትዮጵያን ልጆች በሚያነሣበት በዚያው ቁጥር ውስጥ፣ ፍልስጥኤማውያን ከከፍቶር መውጣታቸውን ይናገራል። ኦሪት ዘዳግምም ከፍቶራውያንን ያውቃቸዋል። ኤርምያስ ከፍቶርን ሲጠራ የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ቃል ደሴትም የባሕር ጠረፍም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከእርሱ ቁርጥ ያለ መልስ አይገኝም። ብሉይ ኪዳንን በእስክንድርያ ወደ ግሪክኛ የመለሱት አይሁድ ሊቃውንት አሞጽ ላይ ሲደርሱ ከፍቶርን ቀጰዶቅያ ብለው ተረጎሟት፤ ከባሕር ርቃ በትንሿ እስያ መካከል ያለችውን ደጋማ አገር ማለት ነው። በእነርሱ ዘመን የስሙ ባለቤት ተረስታ ነበር። የሚያስደንቀው ደሴቲቱ ራሷ በአዲስ ኪዳን ውስጥ በሌላ ስም በግልጽ መኖሯ ነው። የጳውሎስ መርከብ በጠረፏ ያለፈባት፣ ቲቶም የቀረባት ቀርጤስ እርሷ ናት። በአንድ መጽሐፍ ሁለት ስም ይዛ፣ ለአንባቢ ሁለት አገር መስላ ለብዙ ዘመን ኖራለች።

በመጋቢት 1900 እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስ በቀርጤስ ሰሜናዊ ክፍል፣ ክኖሶስ በተባለው ስፍራ መቆፈር ጀመረ። ቦታውን ያገኘው ግን እርሱ አይደለም። ሚኖስ ካሎካይሪኖስ የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ በ1878 እዚያው ላይ ቆፍሮ በግዙፍ ጋኖች የተሞሉ ጎተራዎችን አውጥቶ ነበር። ለኢቫንስ ዕድሉ ፈጥኖ ቀናለት፤ ቁፋሮው በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገሮች ከአፈሩ ወጡ። አንደኛው የማይነበብ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች ናቸው። ሁለተኛው በቀለም የተሣለ የአንድ ወጣት ምስል ነበር፤ ወገቡ ቀጭን፣ ጸጉሩ ጥቁርና የሚጠቀለል፣ ሽርጡ ዝንጉርጉር፣ በሁለት እጁም ረጅም የብር ዋንጫ የያዘ። የረክሚሬን ግድግዳ ያየ ሰው ይህን ወጣት ሊስተው አይችልም። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ወጥቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ይመስላል።

ሄንሪ ሆል የተባለው የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ ወዲያው፣ በ1902 አካባቢ፣ ከፍቲዩ ቀርጤስ ናት ሲል ጻፈ። ብዙዎች ተቀበሉት። ይሁን እንጂ ልብስና የጸጉር አሠራር ከአገር አገር ይሻገራል፤ ዋንጫም በንግድ ይዞራል። ስለዚህ ዌይንራይት የተባለ ሌላ ሊቅ ከፍቲዩን ወደ ኪልቅያ፣ በዛሬዋ ቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ ወዳለችው አገር ወሰዳት። እስከ 1980 ድረስ እንኳ ቆጵሮስ ናት ብሎ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈ ምሁር ነበር። ቀርጤስ ናት የሚሉት የሚያሳምን ሥዕል ነበራቸው፤ የጎደላቸው ስም ነው።

ስሙ ከምሥራቅ መምጣት ጀመረ። በ1929 በሶርያ ጠረፍ ላይ የኡጋሪት ከተማ ስትቆፈር የተገኙት ግጥማዊ ጽሑፎች ኮታር ስለተባለ የአንጥረኞችና የግንበኞች አምላክ ይተርካሉ። የዚህ አምላክ ዙፋን ካፕቶር በተባለ ሩቅ ስፍራ ነው። ይህ የዕብራይስጡ ከፍቶር ወንድም መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚያችው ከተማ የተገኘ ሌላ ሰነድ ደግሞ ከአማልክት ዓለም ወርዶ ስለ ቀረጥ ያወራል። ንጉሡ ሲናራኑ ለተባለ ነጋዴ መርከቡ ከካፕታሩ ስትመለስ ቀረጥ እንዳትከፍል ነፃ ያደርገዋል። እንግዲህ ካፕታሩ በመርከብ የሚደረስባት፣ ትርፍ የሚገኝባት እውነተኛ አገር ናት።

ከኡጋሪት በስተምሥራቅ፣ በኤፍራጥስ ዳር ያለችው የማሪ ቤተ መንግሥት ማኅደር ደግሞ ከዚያ በአምስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። አንድሬ ፓሮ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1933 ጀምሮ የቆፈራት ማሪ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ዚምሪ-ሊም በሚባል ንጉሥ ትገዛ ነበር። በዚያ ማኅደር ውስጥ ለነሐስ ሥራ የሚውለው ቆርቆሮ ለማን ለማን እንደ ተከፋፈለ የሚዘረዝር ሰነድ አለ። ከተቀባዮቹ መካከል በኡጋሪት የተቀመጠ አንድ የካፕታራ ሰውና አስተርጓሚው ይገኙበታል። አስተርጓሚ የሚለው የአካድ ቋንቋ ቃል ታርጋማኑም ነው፤ የእኛም ተርጓሚ ከዚያው ሴማዊ ቤተሰብ ነው። አስተርጓሚ መኖሩ ራሱ ቁም ነገር ነው፤ የካፕታራ ነጋዴዎች የሶርያን ሰዎች ቋንቋ የማይናገሩ ባዕዳን ነበሩ ማለት ነውና።

በማሪ ሰነዶች ውስጥ የምወደው ግን የጫማው ነገር ነው። ዚምሪ-ሊም በካፕታራ አሠራር የተሠራ አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ለባቢሎን ንጉሥ ለሐሙራቢ ላከ። ጫማው ተመለሰ። ለምን እንደ ተመለሰ ሰነዱ አይናገርም፤ ጸሐፊው የሄደውንና የመጣውን ብቻ መዝግቧል። ጥቂት ቆይቶ ያው ሐሙራቢ ማሪን ያዘ፤ ከተማዪቱንም አፈራረሳት።

አሁን እንግዲህ ካፕታራ፣ ካፕቶር፣ ከፍቶር ተሰባስበዋል። የግብፁ ከፍቲዩም የእነርሱ ዘመድ መሆኑ ይታመናል፤ በግብፅኛ በቃል መጨረሻ ያለው የ“ር” ድምፅ እየደከመ የመጥፋት ጠባይ ነበረውና። አገሪቱ በምዕራብ ባሕር ውስጥ መሆኗ ታውቋል። የትኛዋ ደሴት ናት የሚለው ግን ገና ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ክኖሶስ የሸክላ ሰሌዳዎች እንመለስ። ኢቫንስ ጽሑፎቹን በሁለት ከፍሏቸዋል፤ የቀደመውን ሊኒየር ኤ፣ የኋለኛውን ሊኒየር ቢ ብሎ ሰየማቸው። በ1941 ሲሞት አንዱንም ማንበብ አልቻለም። ሥራውን ያስኬደችው በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ኮሌጅ ታስተምር የነበረችው አሊስ ኮበር ናት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ስለ አሳጣ ያገኘችውን ብጣሽ ሁሉ እየቆረጠች ካርድ አደረገች፤ ካርዶቹንም በሲጋራ ካርቶን ውስጥ ደረደረቻቸው። ከዚያ ልፋት ያገኘችው ነገር ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የቃሉ መጀመሪያ እንዳለ ሆኖ የመጨረሻው ምልክት የሚለዋወጥባቸው ቃላት ነበሩ። ምልክቱ የተለወጠው አናባቢው ስለ ተለወጠ እንጂ ተነባቢው አንድ ነው አለች። “ለ” ወደ “ሉ” ወይም ወደ “ላ” እንደሚሄድ ማለት ነው። የእኛ ፊደል ሲለዋወጥ መልኩ ዘር ማንዘሩን ይናገራል፤ የሊኒየር ቢ ምልክቶች ግን በመልክ አይመሳሰሉም። ስለዚህ የፊደል ገበታውን ከምንም ተነሥቶ፣ የአንዱንም ምልክት ድምፅ ሳያውቁ፣ ረድፉንና ዐምዱን መሥራት ያስፈልግ ነበር። ኮበር በ1950 ገበታው ሳይሞላ ዐረፈች።

የሞላው ማይክል ቬንትሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሙያው የሕንፃ ንድፍ ነበር። ገና በ14 ዓመቱ፣ በ1936፣ ለንደን ውስጥ አረጋዊው ኢቫንስ ስለ እነዚህ ሰሌዳዎች ሲናገር ሰምቶ በዚያው ቀርቶበታል። በ1952 መግቢያ ላይ በገበታው ላይ የተደረደሩ ብዙ ምልክቶች ነበሩት፤ ድምፃቸው ግን ገና ግምት ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለ። ኮበር ያጠናቻቸው ቃላት በክኖሶስ ሰሌዳዎች ላይ ደጋግመው ይመጣሉ፤ በግሪክ ዋና ምድር ላይ በምትገኘው በፒሎስ ሰሌዳዎች ላይ ግን የሉም። የአገር ቤት ቦታዎች ስም ቢሆኑስ?

ከቃላቱ አንዱ አራት ምልክት ነበረው። የመጀመሪያው “አ” ሳይሆን አይቀርም። ከሆሜር ጀምሮ የሚታወቅ፣ የክኖሶስ ወደብ የሆነ፣ በ“አ” የሚጀምር ቦታ አለ፤ አምኒሶስ። ቬንትሪስ ሞከረው፦ አ-ሚ-ኒ-ሶ። ገበታው ስለ ተሠራ አንድ ምልክት ሲታወቅ በረድፉ ያሉት ሁሉ ተነባቢውን፣ በዐምዱ ያሉትም አናባቢውን ያገኛሉ። “ሶ” ላይ የሚያልቅ ሌላ ቃል ኮ-ኖ-ሶ ሆነ፤ ክኖሶስ! ከዚያ ቱ-ሪ-ሶ መጣ፤ ቱሊሶስ። ፓ-ኢ-ቶም ተከተለ፤ ፋይስቶስ። ድምፆቹን ወደ ተራ ቃላት ሲወስዳቸው ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ፤ ቋንቋው ግሪክኛ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1952 ቬንትሪስ ግኝቱን በቢቢሲ ሬዲዮ ተናገረ። በኋላም ጆን ቻድዊክ ከተባለው የግሪክኛ ሊቅ ጋር ሥራውን አጠናከረ።

አምኒሶስን ስለሚጠቅስ አንድ የክኖሶስ ሰሌዳ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አምኒሶስ አጠገብ ላለችው የወሊድ አምላክ፣ አንድ ማድጋ ማር ይሰጣት ይላል። አምላኳ ኤሌውቲያ ትባላለች። ሆሜር በኦዲሲ ውስጥ አምኒሶስን ሲያነሣ የዚህችኑ አምላክ ዋሻ ይጠቅሳል። በጸሐፊው ሸክላና በባለ ቅኔው ቃል መካከል ያሉት መቶ ዓመታት ብዙ ናቸው፤ ቦታውና አምላኳ ግን አልተለያዩም።

ብዙ ሊቃውንት አላመኑም ነበር። ያሳመናቸው የፒሎሱ ቆፋሪ አሜሪካዊው ካርል ብሌገን ነው። በ1953 ከቁፋሮው የወጣ አዲስ፣ ቬንትሪስ አይቶት የማያውቀው ሰሌዳ ላይ የቬንትሪስን ገበታ ሞከረው። በሰሌዳው ላይ ባለ ሦስት እግር የነሐስ ድስት ሥዕል አለ፤ ከጎኑ ያለው ቃል ቲ-ሪ-ፖ-ዴ ተብሎ ተነበበ፤ በግሪክኛ ባለ ሦስት እግሮች ማለት ነው። አራት እጀታ ያለው ማሰሮ ሥዕል ጎን “አራት ጆሮ ያለው”፣ እጀታ ከሌለው ጎን “ጆሮ የሌለው” የሚል ቃል ቆሟል። ክርክሩ በአብዛኛው እዚያ ላይ አበቃ።

ለእኛ ታሪክ ግን ከድስቱ ሥዕል አጠገብ ያለው ሌላው ቃል ይበልጣል፦ ኬ-ሬ-ሲ-ዮ ዌ-ኬ። የቀርጤስ ሥራ ማለት ነው። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ሁለት ድስት ቆጥሮ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ እግሩ ተቃጥሎ የጠፋ ሌላ የቀርጤስ ድስት መዝግቧል። ሰሌዳው የፒሎስ ቤተ መንግሥት በተቃጠለበት በ1200 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ የተጻፈ ነው። የሊኒየር ቢን ንባብ ለዓለም ያረጋገጠው ሰሌዳ ግሪኮች ደሴቲቱን ቀርጤስ ብለው ይጠሯት እንደ ነበር ከሚናገሩት ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሆሜር ዘጠና ከተሞች ያሏት ደሴት ብሎ ከመዘመሩ በፊት፣ አንድ የቤተ መንግሥት ዕቃ ቤት ጸሐፊ እግሩ በተቃጠለ ድስት ምክንያት ስሟን ጽፎታል።

አሁን በአንድ በኩል የግሪኮቹ ቀርጤስ፣ በሌላ በኩል የምሥራቆቹ ከፍቶር ቆመዋል። የሚያገናኛቸው ድልድይ የተገኘው ታሪኩ በተጀመረበት በሉክሶር ነው። ከረክሚሬ መቃብር ብዙም ሳይርቅ፣ በእርሻው መካከል ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶች ተቀምጠዋል። ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር ብለው በሚተርኩለት በሜምኖን ስም ይጠሯቸዋል፤ በእውነቱ ግን የፈርዖን አመንሆቴፕ 3ኛ ምስሎች ናቸው። ከእነርሱ በስተኋላ ኮም ኤል-ሔታን በሚባለው ስፍራ የዚሁ ፈርዖን ታላቅ መቅደስ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያ በተደረገው ቁፋሮ የንጉሡ ሐውልቶች የቆሙባቸው መሠረቶች ተገኙ። በእያንዳንዱ ዙሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ የታሰሩ ሰዎች ተቀርጸዋል፤ ከደረታቸው በታች እንደ ከተማ ቅጥር ያለ ሞላላ ክብ አለ፤ በክቡም ውስጥ የአገር ስም ተጽፏል።

ከመሠረቶቹ አንዱ ላይ ያሉትን ስሞች ጀርመናዊው ኤልማር ኤደል አንብቦ በ1966 አሳተማቸው፤ እንግሊዛዊው ኬኔት ኪችንም በዚያው ሰሞን ጽፎባቸዋል። በአንድ ወገን ሁለት ስሞች ብቻ አሉ፤ ከፍቲዩና ታናያ። ታናያ ሆሜር ዳናውያን የሚላቸው የዋናው ግሪክ ሰዎች አገር ናት ተብሎ ይታመናል። በሌላው ወገን የከተሞች ስም ተደርድሯል። ግብፃዊው ጸሐፊ የባዕድ ቋንቋ ድምፅ እንደ ሰማው ነው የጻፈው፤ ቢሆንም ስሞቹ ይታወቃሉ፦ አምኒሶስ፣ ፋይስቶስ፣ ኪዶኒያ፣ ሚኬኔ፣ ናፍፕሊዮን፣ ኪቴራ፣ ክኖሶስ፣ እንደ ገና አምኒሶስ፣ ሊክቶስ። ከፍቲዩ በራስነት የቆመችላቸው ከተሞች የቀርጤስ ከተሞች ናቸው። ከክኖሶስና ከፋይስቶስ ጋር የተጻፈች አገር ፊንቄም፣ ኪልቅያም፣ ቆጵሮስም ልትሆን አትችልም።

አምኒሶስ ለምን ሁለት ጊዜ መጣች? አንዳንድ ሊቃውንት ዝርዝሩን እንደ መርከብ ጉዞ ያነቡታል። የግብፅ መልእክተኞች መጀመሪያ የደረሱባት፣ ዋናውን ግሪክ ጎብኝተው ሲመለሱም የነኩአት ወደብ ናት ይላሉ። አመንሆቴፕ ሰዎቹን በርግጥ ወደዚያ ልኮ እንደሆነ የሚጠቁሙ ዕቃዎች አሉ፤ ስሙ የተጻፈባቸው የሚያብለጨልጩ የፋያንስ ሰሌዳዎች በሚኬኔ፣ የንግሥቲቱ የቲዬ ማኅተምም በቀርጤስ ተገኝተዋል። ለእኔ ይህ ንባብ ያሳምነኛል፤ የጠረፍን ነገር እንዲህ በቅደም ተከተል የሚያውቅ በባሕሩ ላይ የሄደ ሰው ነውና። የታሰሩት ምርኮኞች ግን ለንጉሡ ክብር የተቀረጹ ልማዳዊ ምስሎች ናቸው፤ ግብፅ ቀርጤስን ገዝታ አታውቅም። የከተሞቹ ዝርዝር የተቀረጸበት ድንጋይ ከተነበበ በኋላ በእሳት ተሰነጣጥቆ በመቶዎች የሚቆጠር ስብርባሪ ሆነ። ከ1998 ጀምሮ በሁሪግ ሱሩዚያን መሪነት በመቅደሱ የሚሠሩ ባለሙያዎች ፍርስራሹን ለቅመው መልሰው ገጥመውታል።

መልሱ ሲገኝ የረክሚሬም ግድግዳ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። ሥዕሉን በቅርብ የመረመሩት ሰዎች ከዝንጉርጉሮቹ ሽርጦች ሥር ሌላ ልብስ ተሥሎ እንደ ነበረ አስተውለዋል። ሠዓሊዎቹ መጀመሪያ የጥንቱን የቀርጤስ አጭር ግልድም ሥለው ኖሮ፣ መቃብሩ ሳይዘጋ በላዩ ላይ ሽርጥ ቀብተውበታል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ከደሴቲቱ የሥልጣን ለውጥ ጋር ያገናኙታል። በዚያ ዘመን አካባቢ ግሪክኛ የሚናገሩት የሚኬኔ ሰዎች ክኖሶስን ይዘዋል፤ የመጡትም መልእክተኞች ልብሳቸው ተለውጧል።

በደሴቲቱ የነበሩት የቀደሙ ሰዎች ራሳቸውን ምን ይሉ ነበር? ከፍቲዩም ካፕታራም የውጭ ሰዎች መዝገብ ላይ የተገኙ ናቸው፤ ቀርጤስ ያለው ግሪኩ ነው፤ ሚኖአውያን የሚለው ደግሞ ከንጉሥ ሚኖስ ተረት ተወስዶ በኢቫንስ የተስፋፋ ነው። ግብፆች ስለ ቋንቋቸው ሁለት ትንንሽ ነገሮች አትርፈዋል። በብሪታንያ ሙዚየም ባለ አንድ የተማሪ ሰሌዳ ላይ ልጁ የከፍቲዩን ሰዎች ስም መጻፍ ተለማምዷል፤ በዚያው ሙዚየም ያለ የሕክምና ፓፒረስም በከፍቲዩ ቋንቋ የሚደገም የበሽታ ማባረሪያ ይዟል። ግብፃዊው ሐኪም ትርጉሙን አልጻፈም፤ ድምፁን ብቻ ነው ያስቀመጠው።

የራሳቸው ጽሑፍ ሊኒየር ኤ ነው። ብዙዎቹ ምልክቶቹ ወደ ሊኒየር ቢ ስለ ተላለፉ ድምፁን በግምት ማውጣት ይቻላል፤ ቃሉ ግን አይገባም። ከዚያ ውስጥ እስካሁን በእርግጠኝነት የተለዩት ጥቂቶቹ እንደ ገና የቦታ ስሞች ናቸው፦ ፓ-ኢ-ቶ፣ ሱ-ኪ-ሪ-ታ፣ ሴ-ቶ-ኢ-ያ። በቅርብ ዓመታት በክኖሶስ ከተማ ውስጥ ከዝሆን ጥርስ በተሠራ ቅዱስ ዕቃ ላይ ከአንድ መቶ በላይ ምልክቶች ያሉት ጽሑፍ ተገኝቷል፤ እስካሁን ከታወቁት የሊኒየር ኤ ጽሑፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ደሴቲቱ በገዛ ልጆቿ አንደበት የተጠራችበት ስም አንድ ቀን ከተገኘ፣ እኔ የምጠብቀው እንደ አምኒሶስ ያለ አንድ የታወቀ መንደር አጠገብ ተጽፎ ነው።